ደመወዝ ምንድን ነው? ከአሊዩ አምባ ተሸካሚዎች እስከ ወደብ ሠራተኞች



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በዚህ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፤ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ምን እንጻፍ ብለን ብዙ ተከራከርን። ግማሾቻችን ስለ ነገሥታት፤ ግማሾቻችንም ስለ ጦርነት ለመጻፍ ፈለግን። በመጨረሻ ግን ታሪክ የሚያስተምሩን መምህራችን «የነገሥታቱን ታሪክ ሌሎች ጽፈውታል፤ የነገሥታቱን ዕቃ የተሸከመው ሰው ዋጋው ስንት እንደ ነበረ ግን ማን ጠየቀ?» አሉን። ይህ ጥያቄ በልባችን ስለ ገባ፤ ስለ ደመወዝ፤ ይልቁንም በመንግሥት ወደብና በመርከብ መጠገኛ ስለሚሠራ ሰው ደመወዝ ለመጻፍ ወሰንን።

ምናልባት አንባቢ «አሊዩ አምባ ያለችው በተራራ ላይ ነው፤ ባሕር የሌለው ሰው ስለ ወደብ ምን አገባው?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ወደብ ማለት ጭነት ከአንድ ማጓጓዣ ወደ ሌላ የሚተላለፍበት፤ መንግሥትም ቀረጥ የሚቀበልበት ስፍራ ማለት ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን፤ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1813 እስከ 1847 በነገሡት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አሊዩ አምባ የሸዋ ወደብ ነበረች። ከታጁራ የተነሣው ሲራራ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፤ አዋሽን ተሻግሮ ወደ ይፋት ቆላ ይደርሳል። ግመል የበረሓ መርከብ ነው ይባላል፤ ይህ መርከብ ግን ወደ አንኮበር የሚወስደውን ዳገት መውጣት አይችልም። ስለዚህ ከተራራው ሥር ጭነቱ ከግመል ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸከመው በቅሎ፣ አህያ ወይም ሰው ነው።

ገበያዋ ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር። አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሪው ከደጋ ከወረደው ገበሬ ጋር በዚያ ይገናኝ ነበር። ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ከቆላ ይመጣል፤ እህል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ከደጋ ይወርዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 በአሊዩ አምባ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ በ1844 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ጽፎታል። ነገር ግን በአቅራቢያዋ በነበረችው በዐብዱል ረሱል ገበያ ሰው ራሱ እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር መናገር አለብን። ስለ ጉልበት ዋጋ ስንጽፍ ይህን ዘለን ብናልፍ ሐሰተኞች እንሆናለን። ባሪያው የሚሸጥበት ዋጋ ነበረው፤ የሚከፈለው ዋጋ ግን አልነበረውም።

አሁን ወደ ተሸካሚዎቹ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1841 በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ ለንጉሡ መድፍ፣ ጠመንጃና ልዩ ልዩ ገጸ በረከት ይዞ ከታጁራ ተነሥቶ ይፋት ደረሰ። ግመሎቹ እዚያው ቀሩ። ጭነቱን ወደ ላይ ለማውጣት በንጉሥ ትእዛዝ ከአካባቢው መንደሮች 600 ያህል ሰዎች ተሰብስበው ተሸከሙ። እነዚህ ሰዎች የተጠሩት በአዋጅ ነው እንጂ ዋጋ ተነጋግረው የተቀጠሩ አልነበሩም። ወሩ ክረምት ነው፤ ገበሬው በእርሻው ላይ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ሐሪስ በመጽሐፉ ውስጥ ተሸካሚዎቹ ያጉረመርሙ እንደ ነበር ጽፎአል። ማጉረምረማቸው ተጽፎ ቀረ፤ ስማቸው ግን አልተጻፈም።

ያን ጊዜ ለመንግሥት የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲሁ በነጻ ይሠራ ነበር ማለታችን አይደለም። ሹሙ ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል፤ ከሚያስገባው ግብርም ድርሻውን ያስቀራል። ወታደሩ ቀለብ ይቀበላል። ባለሙያውና እንግዳው ድርጎ ይቈረጥለታል። ከሁሉ በታች ያለው ገበሬ ግን ሁዳድ ያርሳል፤ አጥር ያጥራል፤ የመንግሥት ጭነት ይሸከማል፤ ይህም ግዴታው እንጂ ሥራው ተብሎ አይቈጠርም ነበር። እንግዲህ አንድ ዓይነት የደመወዝ ደረጃ ነበረ ብንል ስሕተት አይሆንም፤ ነገር ግን ደረጃው የተሠራው በሥራው ክብደት ሳይሆን ሰውየው ለጌታው ባለው ቅርበት ነበር። በጣም የከበደውን የተሸከመው በጣም ጥቂት ያገኝ ነበር።

ሌላም ችግር ነበረ፤ እርሱም የገንዘብ ችግር ነው። በገበያው ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይሠራ ነበር። አንደኛው ማርያ ትሬዛ የምንለው ጠገራ ብር ነው፤ ሁለተኛው አሞሌ ጨው ነው። በዚያን ዘመን በሸዋ አንድ ጠገራ ብር ወደ 20 የሚጠጋ አሞሌ ይመነዘር ነበር። ጠገራው ለአንድ ቀን ሥራ ለመክፈል እጅግ ትልቅ ነው፤ አሞሌው ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ሲሰበር ዋጋው ይወድቃል። በጨው የተከፈለ ሰው የድካሙን ዋጋ ይዞ ዳገት ሲወጣ ዝናብ ቢያገኘው፤ ደመወዙ በጀርባው ላይ ይቀልጥበታል ማለት ነው። ዝርዝር ገንዘብ በሌለበት አገር የቀን ደመወዝ በትክክል መክፈል አይቻልም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሁሉ የእኛ አገር ኋላ ቀርነት ብቻ እንዳይመስልህ። ሐሪስ የመጣበትም አገር ከዚህ የራቀ አልነበረም። እንግሊዝ በቻተም፣ በፖርትስመዝና በዴፕትፎርድ የመንግሥት መርከብ መሥሪያዎችና መጠገኛዎች ነበሯት። በ1660ዎቹ ዓመታት መንግሥቱ ገንዘብ ስላጠረው የእነዚህ ስፍራዎች ሠራተኞች ለብዙ ወራት ደመወዛቸው ሳይከፈል ይቀር ነበር፤ ተርበውም አምፀዋል። ከገንዘቡ ሌላ ሠራተኛው ከመርከብ ሥራ የተረፈውን ቁርጥራጭ እንጨት ወደ ቤቱ የመውሰድ መብት ነበረው። ቍርጥራጩም ማገዶና የቤት መሥሪያ ሆነለት። ነገር ግን ደመወዙ የማይበቃው ሰው ደኅናውን እንጨት እየቈረጠ ቍርጥራጭ ማድረግ ጀመረ፤ መንግሥትም ከሰረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1801 ይህ ልማድ ተሽሮ በምትኩ በየቀኑ የታወቀ ገንዘብ እንዲጨመርላቸው ተደረገ። ከ40 ዓመት በኋላ የዚያ አገር መልእክተኛ በአሊዩ አምባ በኩል ሲያልፍ ጭነቱን የተሸከሙለት ሰዎች ገና ወደዚህ ደረጃ አልደረሱም ነበር። ልዩነቱ የዘር ወይም የአእምሮ አይደለም፤ የ40 ዓመትና የአንድ ደንብ ልዩነት ነው።

በእነዚያ የመርከብ ስፍራዎች ሠራተኛው በሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው ክፍል ቋሚ ሲሆን በእርጅናው ጊዜ ጡረታ ያገኛል፤ ሁለተኛው ግን ሥራ ሲኖር የሚቀጠር፤ ሥራ ሲጠፋ የሚሰናበት ነው። የወደብ ሥራ ጠባዩ እንዲህ ነው። መርከብ ሲመጣ ብዙ ሰው ይፈለጋል፤ መርከብ ሲሄድ ማንም አይፈለግም። በለንደን ወደብ ሰው ጧት ጧት በር ላይ ቆሞ እንዲመረጥ ይጋፋ ነበር፤ ከተመረጠም በኋላ ምናልባት የአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ ያገኝ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1889 የለንደን ወደብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛው በሰዓት ስድስት ፔንስ እንዲከፈላቸው፤ ሁለተኛው አንድ ሰው ከተጠራ ከአራት ሰዓት ላነሰ ሥራ እንዳይጠራ ነው። ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ስድስቱን ፔንስ አገኙ። አንባቢ ይህን የአራት ሰዓት ነገር እንዳይረሳብን እንለምናለን፤ በኋላ ያስፈልገናልና።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1879 ዓ.ም. ሐረር ወደ ምኒልክ ግዛት ስትገባና አዲስ አበባ ስትመሠረት የንግዱ መንገድ ፊቱን አዞረ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የአሊዩ አምባ ወደብነትም በዚሁ አለቀ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ለሠራተኛው የሚጠቅም ሌላ ነገር መጣ። የምኒልክ መልክ ያለበት ብርና ዝርዝሩ፤ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ በአገሩ መሠራጨት ጀመረ። በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይም በቀንና በወር ገንዘብ መቀበል ተለመደ። ገበሬው መሬቱን ትቶ ወደ ባቡር ሥራ የሄደው ሥራው ቀላል ስለ ሆነ አይደለም፤ ዋጋው ስለ ታወቀ ነው ብለን እናስባለን።

ከጠላት ወረራ በኋላ ነገሩ በሕግ ተደነገገ። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት በወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌም የጠቅላይ ግዛት ገዢዎች ከሚሰበስቡት ግብር መኖራቸው ቀርቶ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ የሚቈረጥላቸው ሹማምንት ሆኑ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ደግሞ ገበሬው በጉልበት ይከፍለው የነበረውን አገልግሎት ወደ ገንዘብ ግብር ለወጠው። እንግዲህ ከሐሪስ ጭነት እስከዚህ አዋጅ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል። የስድስት መቶዎቹ ማጉረምረም መልስ ያገኘው በልጅ ልጆቻቸው ዘመን ነው።

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደች ጊዜ ምጽዋና አሰብ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥልጣን ሥር ገቡ። ጥቂት ቆይቶም በምጽዋ የባሕር ኃይል ሰፈር ተቋቋመ። ያን ጊዜ መንግሥታችን መካኒክ፣ አናጢ፣ ብየዳ ሠሪ፣ ጸሐፊና ተሸካሚ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚያሠራ የወደብ አሠሪ ሆነ። እንዲህ ባለ ስፍራ «ለሁሉም እንደ ፈቃዴ» ማለት አይቻልም፤ ደረጃ ያስፈልጋል። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። ሠራተኛው በማኅበር ሆኖ ስለ ዋጋው ከአሠሪው ጋር መነጋገር እንዲችል ሕግ ፈቀደለት።

የመንግሥት ሥራ ደረጃ ምደባ እ.ኤ.አ. በ1972 በደንብ ወጣ። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ጽሂ»፣ «እጥ»፣ «መፕ»፣ «ፕሳ» የሚሉ አጫጭር ምልክቶችን ያየ ሰው የዚያን ደንብ ልጆች አየ ማለት ነው። ጽሂ ጽሕፈትና ሒሳብ፤ እጥ እደ ጥበብ፤ መፕ መለስተኛ ፕሮፌሽናል፤ ፕሳ ፕሮፌሽናልና ሳይንስ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ደረጃ ነበረው፤ እያንዳንዱም ደረጃ እርከን ነበረው። የዚህ አሠራር ዋና አሳቡ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ የሚል ነው፤ ይኸውም የሚመዘነው ሰውየው ሳይሆን ሥራው ነው ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት የመጣው አዲሱ የሥራ ምዘና ደግሞ ሥራዎችን ሁሉ በ22 ደረጃ መድቦአል።

ደረጃ መኖሩ ብቻ ግን ሆድ አይሞላም። በደርግ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 50 ብር ነበር፤ ደመወዙ ለብዙ ዓመታት ሳይጨመር ዕቃው ግን ይወደድ ነበር። እስከ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ዝቅተኛው 1,100 ብር ነበር፤ ከዚያ ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ሆነ። ቍጥሩ ሲያድግ ያየ ሰው ሀብት አደገ ይላል፤ ነገር ግን የጤፍና የዘይት ዋጋም አብሮ እንዳደገ እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። የገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ደመወዝ እንደ አሞሌ በዝናብ ይቀልጣል። በግል ድርጅት ለሚሠራው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል።

ወደቦቹ ዛሬ በእጃችን የሉም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ሆነች፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ በአሰብ መጠቀማችን ቀርቶ ጭነታችን በጅቡቲ በኩል ሆነ። በ2001 ዓ.ም. ግን በሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ ጀመረ። «ደረቅ ወደብ» የሚለው ስም ለብዙ ሰው አዲስ ነው፤ ለአሊዩ አምባ ልጅ ግን የአያቶቹ ታሪክ ነው።

አሁን ከራሳችን ያየነውን አንድ ነገር ተናግረን እንጨርሳለን። ባለፈው ዓመት ለአንድ የግንባታ ሥራ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የጫነ መኪና መጣ። ዝናብ ስለ ነበረ መኪናው የመጨረሻውን ዳገት መውጣት አቃተው። ሥራውን የያዘው ተቋራጭ ወንዶችንና ሴቶችን ጠርቶ «ተሸከሙ፤ እንተሳሰባለን» አላቸው። ማታ ሲሆን ለሁሉም አንድ ዓይነት ገንዘብ አደላቸው። ዘጠኝ ጊዜ የተመላለሰች አንዲት እናት አራት ጊዜ ከተመላለሰው ጎልማሳ ጋር እኩል ተቀበለች። ብትጠይቅም «ማን ቈጠረልሽ?» ተባለች። እኛም ቆመን ሰማን፤ መልስ አልነበረንም፤ እፍረት ተሰማን። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ከቈጠርንበት ቀን አንሥቶ መቍጠርና መጻፍ የተማርነው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?

ስለዚህ ሁለተኛው መኪና በመጣ ጊዜ መምህራችንን አስፈቅደን አንድ ደብተር ይዘን ወረድን። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአንድ ከረጢት ዋጋ በሁሉ ፊት ተነገረ፤ ተጻፈ። የእያንዳንዱን ስም ጻፍን፤ በተመላለሰ ቍጥር አንድ አንድ ሰረዝ አደረግን። ማታ በደብተሩ ተከፈለ፤ ያችም እናት የድካሟን ዋጋ ተቀበለች። እኛም ታላቅ ሥራ የሠራን መስሎን ደስ አለን።

ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ከሌሎቹ እኩል ተቀብለው ነበር። በሁለተኛው ቀን ጧት መጥተው እስከ ቀትር ተራ ጠብቀው፤ ሁለት ከረጢት ብቻ ተሸከሙ፤ የሁለት ከረጢት ዋጋም ተቀበሉ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ወደ እኛ ዞር ብለው «ልጆቼ፤ ደብተራችሁ እውነት ተናገረ፤ እኔን ግን ባዶ እጄን ሰደደኝ» አሉን። እኛም «አባባ፤ ይቅር ይበሉን» ከማለት በቀር የምንለው አልነበረንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የለንደን ወደብ ሠራተኞች አራት ሰዓት የጠየቁበት ምክንያት የገባን። የተሸከመውን ብቻ የሚቈጥር ደመወዝ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን የተጠራው ሰው ቀኑን ሰጥቶአል፤ የቀኑ ዋጋ አብሮ ካልተቈጠረ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ በደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጨመርን። ለሥራ የተጠራ ሰው ሁሉ ጥቂትም ቢሸከም የግማሽ ቀን ዋጋ አያጣም፤ ከዚያ በላይ የሠራው እንደ ቍጥሩ ይጨመርለታል። ተቋራጩም ብዙ ከተከራከረ በኋላ ለሦስተኛው መኪና ተቀበለው፤ ሽማግሌውም መጥተው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። አባቶቻችን ደመወዝ የሚለውን ቃል ከደምና ከወዝ የተገኘ ነው ይሉታል። ደምና ወዝ ግን ብቻውን ደመወዝ አይሆንም፤ ስድስት መቶዎቹም ወዛቸውን አፍስሰዋልና። ደመወዝ የሚሆነው ሠራተኛው ጭነቱን ከማንሣቱ በፊት ዋጋውን ሲያውቅ፤ በማይቀልጥ ገንዘብ ሲከፈለው፤ በቀኑም ሲደርሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ያዛል፤ የእስልምና አባቶችም ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት ብለው ያስተምራሉ። በአሊዩ አምባ ሁለቱም ትምህርት በአንድ ገበያ ሲሰማ ኖሮአል።

ከእኛ መካከል አንዳንዱ ነገ ሐኪም፣ አንዳንዱ መሐንዲስ፣ አንዳንዱም ሰው የሚቀጥር ይሆናል። ያን ጊዜ «እንተሳሰባለን» ከማለታችን በፊት ደብተር እንድንይዝ፤ በደብተሩም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሽማግሌውን እንዳንረሳ ይህን ጽሑፍ ለራሳችን ማስታወሻ አድርገን አኑረናል። መቍጠርና መጻፍ ላስተማረን ትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ እንመኛለን።